«አክተሩ አይሞትም»፦ ስለ አስፈሪ ፊልም ተዋንያንና ስለ አድናቂዎቻቸው



ዛሬ የምናገረው በውጭው ዓለም የድሮ አስፈሪ ፊልሞችና የሳይንስ ልቦለድ ፊልሞች ተዋንያን ከአድናቂዎቻቸው ጋር ፊት ለፊት ስለሚገናኙባቸው ጉባኤዎች ነው። «ሌላ ወሬ ጠፍቶ ነው?» የሚል ከመካከላችሁ ቢኖር አልፈርድበትም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ይህች ወልድያ በጦርነቱ ያየችውን ያየ ሰው የጎማ ጭንብል አያስደነግጠውም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ጭንብሉን ለብሶ ሲያልበው የዋለው ሰው ነው። ስሙ የት ተጻፈ? ምን ተከፈለው? ሲያረጅ በሩን ማን አንኳኳ? እነዚህን ጥያቄዎች ወሎ ላይ ቆሞ መጠየቅ ከየትም ይልቅ ያስኬዳል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ አመጣዋለሁ።

እናንተ ወጣቶች ፊልም የምታዩት በስልካችሁ ነው። የእኛ ዘመን ልጅ ፊልም ያየው ቪዲዮ ቤት ነው። መርሳን ታውቋታላችሁ፤ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚወጣው አስፋልት መሀል ለመሀል የሚሰነጥቃት፣ የከባድ መኪና ሾፌር ምሳ የሚበላባት፣ ከቀትር በኋላ ሙቀቷ ሰው የሚያስተኛ ከተማ ናት። ቪዲዮ ቤቱ የጭቃ ቤት ነው። መስኮቱ በጆንያ ተጋርዷል፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ውስጡ እንደ ምድጃ ይግላል። አግዳሚዎች ተደርድረዋል፣ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ቴሌቪዥኑና ዴኩ ተቀምጠዋል። በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ በጠመኔ «8 ሰዓት ካራቴ፣ 10 ሰዓት የህንድ፣ ማታ አስፈሪ» ይላል። ካሴቱ ስንት ከተማ ዞሮ፣ ስንት ጊዜ ተቀድቶ እንደሚደርሰን እግዜር ይወቅ፤ ምስሉ ላይ ዝናብ ይዘንብበታል። ልክ ጭራቁ ሊወጣ ሲል ዴኩ ይንተባተብና ባለቤቱ «ሄዱ ቆሽሿል» ብሎ ክዳኑን ፈትቶ በጥጥ ይጠርጋል። እኛ በጨለማ እንጠብቃለን፤ እሱ በባትሪ መብራት ይሠራል። መብራት ከጠፋ ብር አይመለስም፤ ነገ መጥተህ ከተቋረጠበት ታያለህ።

ከሁሉም የማይረሳኝ ተርጓሚው ነው። እንግሊዝኛ ከእኛ ትንሽ የሚሻል ጎረምሳ ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቆምና «አሁን ‘በሩን አትክፈቱት’ እያላቸው ነው» እያለ ይነግረናል። ያልሰማውን ከራሱ ይሞላል። የጠፈር መርከብ አዛዡ በወሎ አነጋገር «ኧረ በናታችሁ!» ይላል፤ ሳይንቲስቷ በወንድሟ ትምላለች፤ ጭራቁ ራሱ አንዳንድ ቀን ይራገማል። ዛሬ ሳስበው ያ ልጅ ከፊልሙ ጋር እኩል ተዋናይ ነበር። ፖስተር ላይ ስሙ አልነበረም፤ ክፍያውም በነፃ መግባቱ ነበር። በኋላ የትርጉም ፊልም በሲዲ መጣ፤ በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እያለበሰ ቤታችን አስገባ፤ ድምፃቸውን በየምሽቱ የምንሰማ ሰዎች መንገድ ላይ ቢያልፉን አናውቃቸውም።

በዚያ ጨለማ ቤት አንድ ሕግ ነበረን፦ አክተሩ አይሞትም። አክተር ማለት ዋናው ጀግና ነው፤ ሺህ ጥይት ቢተኮስበት ይተርፋል። «ዝም በል፣ አክተሩ አይሞትም» ብሎ ትልቁ ትንሹን ያጽናናል። ጭራቁ ግን በእኛ ሕግ አክተር አልነበረም። ጭራቁ ጭራቅ ነው። በውስጡ እግሩ የሚያመው፣ ውሃ የሚጠማው፣ የቤት ኪራይ ያለበት ሰው መኖሩ ለአንዳችንም ትዝ ብሎን አያውቅም። ለነገሩ አያቶቻችንም ከእኛ ብዙ አልራቁም፤ አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ሲከፈት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ነበር ያለው። ግድግዳ ላይ የሚሮጥ ፈረስ ያየ ሰው፣ ከጀርባው ማሽን የሚያዞር ደመወዝተኛ አለ ብሎ እንዲያስብ አይጠበቅበትም።

ወደ ጉባኤዎቹ ልምጣ። መነሻቸው መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ኒውዮርክ ላይ የሳይንስ ልቦለድ አንባቢዎች የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጉባኤያቸውን አደረጉ፤ ፎረስት አከርማን የተባለ የሎስ አንጀለስ ወጣት የመጪውን ዘመን ልብስ ለብሶ መጣ፤ አለባበሱ ልማድ ሆኖ እስከ ዛሬ ዘለቀ። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ስለ ፊልም ጭራቆች ብቻ የሚጽፍ መጽሔት አዘጋጀ፤ ቤቱንም ለጎብኚ ክፍት አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1970 የሳንዲዬጎው ጉባኤ ተጀመረ። በጥር 1972 ደግሞ፣ ከተቋረጠ ዓመታት ላለፉት «ስታር ትሬክ» የሚባል የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም፣ ኒውዮርክ ሆቴል ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። አዘጋጆቹ ጥቂት መቶ ሰው ይመጣል ብለው ነበር፤ ከ3,000 በላይ መጣ። ፊልሙ ቢዘጋም ተመልካቹ አልተበተነም ነበር ማለት ነው።

አዳራሹ ውስጥ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ረድፍ ረድፍ ጠረጴዛ አለ። ከጠረጴዛው ኋላ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት ባልቴት ተቀምጠዋል፤ ከጀርባቸው ስማቸውና የሠሩበት ፊልም የተጻፈበት ሸራ ተሰቅሏል። ፊታቸው የወጣትነት ፎቶግራፋቸው በዓይነት በዓይነቱ ተደርድሯል፤ ጭንብል የለበሱበት፣ ጭንብሉን በብብታቸው ይዘው ሲጋራ የሚያጨሱበት፣ በቀረጻ ዕረፍት ላይ ሳንድዊች የሚበሉበት። ዋጋው ተለጥፏል፤ ገንዘብ የሚቀበል ረዳት ከጎን አለ። የተሰለፈው ሰው ተራው ሲደርስ ፎቶ ይመርጣል። ሽማግሌው የእስክሪብቶውን ክዳን ነቅለው «ለማን ብዬ ልጻፍ?» ይላሉ። ስም ይነገራቸዋል፤ ፊደሉን ይጠይቃሉ፤ ዓይናቸውን ወረቀቱ ላይ አቅርበው ይጽፋሉ። ከዚያ አድናቂው ሲዘጋጅበት የሰነበተውን ነገር ለመናገር አፉን ይከፍታል፤ ብዙ ጊዜ የሚወጣው «በልጅነቴ አስፈርተውኝ ነበር» የሚል ብቻ ነው። ሽማግሌው ይስቃሉ፤ ያንን ቃል የሰሙት ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እሳቸው ያውቃሉ። ቀጣዩ ይቀርባል።

ፊርማ በገንዘብ መሸጥ ነውር ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ የማልስማማውም ከሒሳቡ ተነሥቼ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የአሜሪካ ፊልም ተዋንያን ማኅበር የሥራ ማቆም አድማ መታ። የማኅበሩ ሊቀመንበር በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ሮናልድ ሬገን ነበር። ጥያቄው ግልጽ ነበር፦ ፊልማችን በቴሌቪዥን በታየ ቁጥር ድርሻችን ይከፈለን። ስምምነቱ ከ1960 ወዲህ ለሚሠሩ ፊልሞች ድርሻ አስገኘ፤ ከዚያ በፊት ለተሠሩት ግን ተዋንያኑ በየስርጭቱ የሚከፈል ድርሻቸውን ትተው ለጡረታና ለሕክምና ፈንድ የሚገባ አንድ ጊዜ ክፍያ ተቀበሉ። እንግዲህ የሳይንስና የጭራቅ ፊልም ወርቃማ ዘመን የሚባለው በአብዛኛው የ1950ዎቹ ነው። ፊልሙ በየቅዳሜው ማታ በአሜሪካ ቤት ሁሉ ሲታይ፣ ልጅ ሁሉ ብርድ ልብስ ውስጥ ሲደበቅ፣ ተዋናዩ ቤት ቁጭ ብሎ በነፃ የራሱን ፊት ያያል። የፊርማው ጠረጴዛ የቀረበት ሒሳብ ዘግይቶ የተከፈለበት ቦታ ነው። ለምን ያፍራል?

የጭንብል ለባሹ ዕጣ ከዚህም የባሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው «የጥቁሩ ሐይቅ ፍጡር» የሚባለው ፊልም ውስጥ ቅርፊት የለበሰ ውሃ አዳሪ ሰው አለ። ሁለት ሰዎች ናቸው የተጫወቱት፤ በየብስ ላይ ቤን ቻፕማን፣ ውሃ ውስጥ ሪኩ ብራውኒንግ። የሁለቱም ስም በፊልሙ የተዋንያን ዝርዝር አልገባም፤ አምራቾቹ ተመልካቹ ፍጡሩን እውነት ብሎ እንዲይዘው ስለፈለጉ ነው ይባላል። ቻፕማን የኮሪያ ዘማች ነበር፤ የእኛ የቃኘው ልጆች በተዋጉበት ጦርነት የተዋጋ ሰው። ስሙን ያገኘው ከአሥርታት በኋላ በጉባኤዎቹ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 እስኪሞት ድረስ ተሰላፊ አላጣም።

ጃፓናዊውን ሐሩዎ ናካጂማን ተመልከቱ። በዚያው በ1954 የመጀመሪያው «ጎጂራ» ሲሠራ ወደ 100 ኪሎ የሚመዝን ልብስ ውስጥ ገብቶ የቶኪዮን ትንንሽ የሞዴል ሕንፃዎች ያፈራረሰው እሱ ነው። አካሄዱን ለማጥናት እንስሳት ማቆያ ሄዶ ዝሆንና ድብ ሲረግጡ ይመለከት ነበር። እስከ 1972 ድረስ ልብሱን ለበሰ። አሜሪካ የሚገኙ አድናቂዎቹ በእርጅናው እየጋበዙ አከበሩት፤ በ2017 በ88 ዓመቱ ሞተ። ይህ ሰው ደስ የሚለኝ ለጭራቁ ሥራ የከበደ ሙያ ያህል ክብር ሰጥቶ ስለሠራው ነው። ዝሆን አረጋገጥ ለማጥናት ጊዜ የሰጠ ሰው ቀላል ባለሙያ አይደለም።

እነዚህ ሁለቱ ዕድለኞች ናቸው። አሁን ዕድል ስላልነበረው ሰው ልናገር፤ ይህ ሰው ለእኛ ቅርብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1979 «ኤሊየን» ወጣ። ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት፣ ጭራቁን የነደፈው የስዊዘርላንዱ ሠዓሊ ጊገር ነው። አንድ የጠፈር መርከብ፣ ሰባት ሠራተኞች፣ አንድ ጥቁር፣ ረጅም፣ ዓይን የሌለው ፍጡር። ይህን ፊልም ያላየ እንኳ የፍጡሩን መልክ የሆነ ቦታ አይቶታል፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራ የጠፈር ጭራቅ ሁሉ ከእሱ የተቀዳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልብሱን የለበሰው ቦላጂ ባዴጆ የሚባል ናይጄሪያዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ሌጎስ ተወለደ፤ አባቱ የናይጄሪያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ዋና ዳይሬክተር ነበሩ። ለንደን ሳይገባ በፊት፣ በወጣትነቱ፣ በዚችው በኢትዮጵያ ኖሯል። ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ ነበር፤ በአገራችን መንገድ ሲያልፍ ዞሮ ያላየው ሰው ያለ አይመስለኝም። ለንደን ውስጥ የሥነ ጥበብ ተማሪ ሳለ አንድ የተዋንያን ወኪል ሶሆ የሚባለው ሠፈር መጠጥ ቤት ውስጥ አየው። ፊልም ሠሪዎቹ «ሰው ለብሶታል» የማያሰኝ ቀጭንና ረጅም አካል ሲፈልጉ ከርመው ነበር፤ ባዴጆ ገባና ፍለጋው አበቃ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ልብሱ ጎማ ነው፤ ጭንቅላቱ ከባድ ነው፤ ውስጡ ይግላል፤ አያሳይም። ዝግ ብሎና ለስለስ ብሎ መንቀሳቀስ እንዲችል ታይ ቺ የሚባለውን የቻይናውያን እንቅስቃሴ ተለማመደ። ልብሱ ጅራት ስላለው በቀረጻው መሀል ወንበር ላይ መቀመጥ አልቻለም፤ እንዲያርፍበት ልዩ ዥዋዥዌ ተሠራለት። ሌሎቹ ተዋንያን ቡናቸውን ሲጠጡ እሱ ዥዋዥዌው ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቃል። ፊልሙ አለቀ፤ ዓለም ጮኸ። ባዴጆ ሌላ ፊልም አልሠራም። ወደ ናይጄሪያ ተመለሰ፤ የሥዕል ማሳያ ከፈተ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የነበረበት የደም ሕመም ታኅሣሥ 1992 ሌጎስ ላይ ገደለው። 39 ዓመቱ ነበር። የፊልሙ ሌሎች ተዋንያን ከዚያ ወዲህ በየጉባኤው ተሰልፎ የሚጠብቃቸው ሰው ሞልቶ ተርፏል። ዋናው አስፈሪ ግን የለም። እሱ ፊት «በልጅነቴ አስፈርተኸኝ ነበር» የሚል ወረፋ ሳይሰለፍ አለፈ። ሌጎስ ላይ፣ ወይም በኖረባት በአገራችን፣ አንድ ሰው አስቦ አዳራሽ ቢከፍትለት ኖሮ ብዬ እቆጫለሁ።

ስለ ሌላ ጥቁር ተዋናይ አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ቤታችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1968 «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» የሚባለው ፊልም ውስጥ ጀግናው ዱዌን ጆንስ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ከተደበቁት ሰዎች ሁሉ አስተዋዩ እሱ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ከሚነሡት ሙታን ጋር ታግሎ ነጋለት፤ ሲነጋ የመጡት የታጠቁ ነጮች ሙት መስሏቸው ተኩሰው ገደሉት። የቪዲዮ ቤት ሕጋችን እዚህ ላይ ፈረሰ፤ አክተሩ ሞተ። ጆንስ በኋላ ቲያትር እያዘጋጀና እያስተማረ ኖረ፤ በዚያ አንድ ፊልም ብቻ መታወቅን አልወደደም፤ በ51 ዓመቱ በ1988 አረፈ። ፊልሙም ሌላ ጉዳት ደርሶበታል። አከፋፋዮቹ ርዕሱን ሲቀይሩ የቅጂ መብት ማስታወቂያዋን መስመር ዘለሏት፤ በዚያን ጊዜው የአሜሪካ ሕግ ያች መስመር ከሌለች ፊልሙ የማንም ነው። ማንም ቀዳው፣ ማንም ሸጠው፣ ሠሪዎቹ ተመለከቱ። በመርሳው ቪዲዮ ቤት በተቀዳ ካሴት ያደገ የእኛ ትውልድ በዚህ ላይ ለመፍረድ አፍ የለውም። እኛም ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አዋጅ ቁጥር 410 የሚባል የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ሕግ አለን፤ የከዋኙን መብት ጭምር ይጠብቃል። ሕጉ አለ፤ የጎደለው አፈጻጸሙ ነው።

አሁን መጀመሪያ ላይ ያልኩትን ላምጣ። ለምን ወሎ ላይ?

የ1973ን ዓመት እንውሰድ፤ በእኛ 1965 እና 1966 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ የተቀረጹ ሁለት የውጭ ፊልሞች ወጡ። አንዱ የሆሊውድ «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ነው፤ ደበበ እሸቱ ዋሳ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ሆኖ ተጫውቶበታል። ዳይሬክተሩ ጆን ጊለርሚን ከሦስት ዓመት በኋላ ትልቁን ዝንጀሮ፣ «ኪንግ ኮንግ»ን አዘጋጀ። የእኛ ሰው የጭራቅ ፊልም ሠሪዎችን ይህን ያህል ቀርቧቸው ነበር። ሁለተኛው ፊልም እዚሁ ወሎ ውስጥ የተቀረጸ ነው። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጠኛ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በጥቅምት ወር ለንደን ላይ አሳየ። አዲስ አበባ ዝም ብላ ነበር። ደርግ ፊልሙን አምጥቶ፣ በረሃቡ መሀል የንጉሠ ነገሥቱን ግብዣ እየጨመረ ቆራርጦ አቀናበረውና መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በቴሌቪዥን አሳየው። በማግስቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወረዱ። በዚህች አገር ከታየ ፊልም ሁሉ እንደዚያ ምሽት ያስፈራ የለም፤ ጭንብልም አላስፈለገውም። ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም.፣ ማይክል ቡርክና መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጹት ዓለምን አስለቀሰ። ያን ጊዜ ኮረም ወሎ ክፍለ ሀገር ነበረች።

የዘጋቢው ስም ይታወቃል። የካሜራ ባለሙያው ስም ይታወቃል። ልጇን ታቅፋ የተቀመጠችው እናት ስም? አብዛኞቹ ያለ ስም አለፉ። እኛ ወሎዬዎች በዓለም ስክሪን ላይ በብዛት ታይተን በስማችን ያልተጠራን ሕዝብ ነን። ስለዚህ ስሙ ከዝርዝሩ የተዘለለ ጭንብል ለባሽ ታሪክ ሲነገረኝ የባዕድ ወሬ አይመስለኝም።

የሳይንስ ልቦለድ ፊልም እዚህ አገር የለም የሚል ካለ ደግሞ፣ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 «ክረምብስ» የተባለው ፊልም በሮተርዳም ፌስቲቫል ታየ። ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ሚጌል ላንሶ ነው፤ ቋንቋው አማርኛ፣ ቀረጻው በዳሎልና በሌሎች የአገራችን ቦታዎች። ዓለም ጠፍቶ ሰማይ ላይ የቆመ አሮጌ የጠፈር መርከብ ይታያል። ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ የሚጫወቷቸው ባልና ሚስት የፈረሰ የቦውሊንግ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ከጠፋው ዘመን የተረፈ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ቅርስ ሆኗል፤ የማይክል ጃክሰን ሸክላ በአዋቂ ይገመታል፤ ለማይክል ጆርዳን ይጸለያል። ይህ ፊልም ስለ አድናቂነት ከተሠሩት ሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል፤ የጉባኤው አዳራሽ ውስጥ የሚሸጠውን ሁሉ አንድ ሺህ ዓመት ወደፊት ወስዶ አቧራ አልብሶ ያሳየናል። ዳንኤል አካሉ ከብዙዎቻችን የተለየ ነው፤ ሆሊውድ ቢሆን ጭንብል አልብሰው ጭራቅ ያደርጉት ነበር። እዚህ ግን ያለ ጭንብል አፍቃሪና ጀግና ነው። ዳንኤል በላንሶ ቀጣይ ፊልምም፣ በ2019፣ መሪ ተዋናይ ሆነ። የውጭ ፌስቲቫል ተመልካች ያውቀዋል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስሙን ከእኔ በፊት የሰማ እጁን ያንሣ ብል ላፍር ነው፤ ስለዚህ አልልም።

እኛ አርቲስት አንወድም አልልም። እንወዳለን፤ ግን የምንወድበት ሰዓት ዘግይቷል። አርቲስቱ ሲታመም የባንክ ሒሳብ ቁጥር በቴሌቪዥን ይነበባል። ሲሞት ጎዳናው ይዘጋል፤ የሕይወት ታሪኩ በሬሳው ፊት ይነበባል፤ በሕይወት ሳለ አንድ ቀን ያልሰማውን ሙገሳ ያን ቀን ይሰጠዋል። ለቅሶ ላይ እኛን የሚያህል የለም። በ2006 ዓ.ም. ዮናስ ብርሃነ መዋ የጉማ የፊልም ሽልማትን ማቋቋሙ አንድ ነገር ነው፤ ግን ሽልማት መድረክ ነው፤ ተመልካቹ ከሩቅ ያጨበጭባል። ለጠረጴዛው ቀረብ የሚለው ባሕር ማዶ ያለው ነው። የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ በሰኔ መጨረሻ ከከተማ ከተማ እየዞረ ውድድር ያደርጋል። ስሙ ስፖርት ነው፤ ሰው ግን የሚሄደው ለኳሱ ብቻ አይደለም። ሲሰደድ ካሴቱን ከያዘለት ድምፃዊ ጋር ተራ ጠብቆ ፎቶ ለመነሣት፣ የድሮውን ተጫዋች «እርስዎ ነዎት?» ብሎ እጁን ለመጨበጥም ነው። ያ ሁሉ ሰው በዚያ ሜዳ ዳር የሚያደርገውን ኒውዮርኮች በ1972 ሆቴል ውስጥ አድርገውታል።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው፤ ረቂቅም አይደለም። ወልድያ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ከ25 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ ስታዲየም አላት። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት። በየዓመቱ ነሐሴ አጋማሽ የላስታ ልጃገረዶች አሸንድዬን፣ የቆቦ ልጃገረዶች ሶለልን ሲጫወቱ ከአዲስ አበባም ከውጭም ሰው ይመጣል። በዚያ ሳምንት፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ እንዘርጋ። ትልልቅ ኮከቦች አያስፈልጉንም፤ ለእነሱ ሰው አይጠፋላቸውም። ከጀርባ የነበሩትን እንጥራ፦ በደርግ ዘመን ደሴ ላይ ተነሥቶ አገር ያዳረሰውን የወሎ ላሊበላ ኪነት አባላት፣ በትርጉም ፊልም ድምፃቸውን ያዋሱትን፣ በተውኔት ሁልጊዜ ሎሌና ወታደር ሆነው የተጫወቱትን፣ በየቪዲዮ ቤቱ ቆመው የተረጎሙልንን። ፎቶግራፋቸውን ከየአልበሙ አውጥተን እናሳትም፤ ስማቸውን በትልቁ በሸራ እንጻፍ።

ሁለት ነገር እንዳይታለፍ እለምናለሁ። አንደኛ፣ እንግዳው ከቤቱ ሳይነሣ የትራንስፖርቱና የድካሙ ዋጋ ይከፈለው። «ለሕዝብ ፍቅር ነው» ብሎ ሽማግሌን በነፃ ማመላለስ የእኛ የቆየ በሽታ ነው። ሁለተኛ፣ የፊርማው ገንዘብ ለኮሚቴ አይግባ፤ ጠረጴዛው ላይ ለተቀመጠው ሰው ይግባ። ኮሚቴው ሻይ ከፈለገ በራሱ ይጠጣ።

ሀብሩ ወረዳ ሲባል ሌላው ሰው የሚያውቀው የሲሪንቃን የግብርና ምርምር ማዕከል ነው፤ መርሳን የሚያውቃት አውቶቡስ ሲቆም ነው። በእነዚህ ቦታዎች ስንት ተርጓሚ፣ ስንት የኪነት ሰው በሕይወት እንዳለ ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም። መውጫው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ መዝገብ አስቀምጠናል። የምታውቁትን ሰው ስም፣ የሠራውን ሥራና አሁን የሚኖርበትን ቀበሌ ጻፉ። ራሳችሁ ከሆናችሁም አትፈሩ፤ የራሳችሁን ስም ጻፉ።